«የ» ሁሉ «ኦፍ» አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ስሞችን ከመስተዋድድና ከመስተጻምር ጋር የማጣመር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ የማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀኑን በሥራ የሚውሉ ናቸው፤ የጀልባ አስጎብኚዎች፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው የሚመጡም አሉ። ሥራቸው ቢለያይም ትምህርቱ አልቆ ሰሌዳ ሳጠፋ ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «መምህር፣ ከዚህ ስም ቀጥሎ ‹ኦፍ› ነው፣ ‹ፎር› ነው ወይስ ‹ኢን›? ‹ቢኮዝ›ስ መቼ ነው ‹ቢኮዝ ኦፍ› የሚሆነው?» ቆሞ በአምስት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ፣ መልሱን ከነምክንያቱ በየደረጃው አስቀምጬላችኋለሁ።

የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን የጻፍኳቸው በፊደላችን ነው። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቧቸው፤ ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጧቸው ግን በላቲን ፊደል ጻፏቸው። «መስተዋድድ» ስል እንደ ኢን፣ ኦን፣ ኦፍ፣ ፎር፣ ቱ ያሉትን ማለቴ ነው። «መስተጻምር» ስል ደግሞ የራሱ ግሥ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር የሚያያይዙትን፣ እንደ ዛት፣ ቢኮዝ፣ ኦልዞው፣ ዋይል እና ዌዘር ያሉትን ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ገጹ በማስመሪያ ለሁለት የተከፈለ አንድ ደብተር።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ።
- ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነ መዝገበ ቃላት፣ በመጽሐፍ ወይም በስልክ። ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻውን አይበቃም። «ሶሉሽን» መፍትሔ መሆኑን ይነግራችኋል፤ ቀጥሎት «ቱ» እንደሚመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳያችሁም።
- ራሳችሁ የጻፋችሁት አንድ ገጽ እንግሊዝኛ። ለእንግዳ የላካችሁት መልእክት፣ የሥራ ማመልከቻ ወይም የክፍል ድርሰት ሊሆን ይችላል። ከሰው ስሕተት ይልቅ የራስ ስሕተት ቶሎ ያስተምራልና ይህን አትዝለሉት።

ደረጃ 1. መስተዋድዱን የመረጠው የትኛው ስም እንደሆነ ለዩ

መስተዋድድ ብዙውን ጊዜ በሁለት ስሞች መካከል ይቀመጣል። አንዳንድ ጊዜ የሚመርጠው ተከትሎት የሚመጣው ስም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀድሞት የመጣው ስም። ይህን ሳይለዩ ደንብ መሸምደድ ከንቱ ድካም ነው።

ቦታንና ጊዜን ስትናገሩ መራጩ ተከታዩ ስም ነው። በአማርኛ በደሴቱ፣ በወደቡ፣ በጀልባ፣ በሌሊት፣ በጠዋት ብለን ሁሉንም በአንዲት «በ» እንጨርሳለን። በእንግሊዝኛ ግን «ኦን ዘ አይላንድ»፣ «አት ዘ ፖርት»፣ «ባይ ቦት»፣ «አት ናይት»፣ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። እነዚህን ከተከታዩ ስም ጋር አንድ ላይ አጥኗቸው።

«ኢንተረስት ኢን ዘ አይላንድ» ስትሉ ግን «ኢን»ን የጠራው ደሴቱ ሳይሆን «ኢንተረስት» ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ተከታዩን ስም ቀያይሩት። «ኢንተረስት ኢን ሂስትሪ»፣ «ኢንተረስት ኢን ኮፊ»፣ «ኢንተረስት ኢን በርድስ»፦ «ኢን» ከቦታው አልተነቃነቀም። አሁን ፊተኛውን ስም ቀይሩ፤ «ቪዚት ቱ ዘ አይላንድ»። መስተዋድዱ ወዲያው ተለወጠ። እንግዲህ መራጩ ፊተኛው ስም ነው ማለት ነው። የቀሩት ደረጃዎች በአብዛኛው ስለዚህ ዓይነቱ ስም ናቸው።

ደረጃ 2. «የ» ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ

ከምሰበስባቸው የቤት ሥራዎች ውስጥ ቀይ የሚበዛበት እዚህ ነው። አማርኛ ሁለት ስሞችን ሲያገናኝ ባለቤትነትም ይሁን ምክንያት፣ መግቢያም ይሁን መፍትሔ፣ በ«የ» ይገላገለዋል፦ የገዳሙ መግቢያ፣ የክፍሉ ቁልፍ፣ የችግሩ መፍትሔ፣ የዓሣ ፍላጎት፣ የዋጋ ጭማሪ። እንግሊዝኛ ግን ለየስሙ የራሱን መስተዋድድ ሰጥቶታል። «የ»ን ሁልጊዜ በ«ኦፍ» የሚተካ ሰው ከእነዚህ አምስቱ አብዛኞቹን በትክክል አይጽፍም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱና ፊተኛውን ስም ፈልጉ። «ሶሉሽን» የሚለውን ስታገኙ ከትርጉሙ ወይም ከምሳሌው አጠገብ ደመቅ ብሎ የተጻፈ «ቱ» ታያላችሁ። ከእሱ ቀጥሎ «ኤስ፣ ቲ፣ ኤች» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካሉ «ሳምቲንግ» ማለት ነው፤ «ኤስ፣ ቢ» ከሆነ ደግሞ «ሳምበዲ»። ብዙ ተማሪ ይህችን ደማቅ ቃል ዘሎ ወደ ትርጉሙ ይሮጣል። እናንተ የምትፈልጉት ግን እሷኑ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተሉትን በደብተራችሁ አስፍሩ።

«ቱ» የሚከተላቸው፦ ሶሉሽን፣ አንሰር፣ ኪ፣ ኢንትራንስ፣ አክሰስ፣ ቪዚት፣ ኢንቪቴሽን፣ ዳሜጅ፣ ትሬት፣ ኤክሴፕሽን። እንግዳ ተቀባዮች «ዘ ኪ ቱ ሩም 12» በሉ፤ አስጎብኚዎች ደግሞ «ዘ ኢንትራንስ ቱ ዘ ሞናስተሪ»።

«ፎር» የሚከተላቸው፦ ዲማንድ፣ ኒድ፣ ሪዝን፣ ሪክዌስት፣ ሪስፔክት፣ ሪስፖንሲቢሊቲ።

«ኢን» የሚከተላቸው፦ ኢንክሪስ፣ ራይዝ፣ ፎል፣ ቼንጅ፣ ዲሌይ፣ ኢንተረስት፣ ኮንፊደንስ።

«ኦን» የሚከተላቸው፦ ኢፌክት፣ ኢምፓክት፣ ኢንፍሉወንስ፣ አታክ፣ ታክስ፣ ባን። እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል። እንቦጭ በዓሣ ሀብቱ ላይ ያደረሰው ተጽዕኖ እንላለን፤ «ላይ» ደግሞ «ኦን» ነው።

«ኦፍ» የሚከተላቸው፦ ኮዝ፣ ላክ፣ አድቫንቴጅ፣ ሪስክ፣ ኤግዛምፕል፣ ኖውሌጅ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ላይ» ሁልጊዜ አያድናችሁም። በጀልባው ላይ የደረሰ ጉዳት «ዳሜጅ ቱ ዘ ቦት» ነው፤ በሐይቁ ላይ የተጋረጠ ስጋትም «ኧ ትሬት ቱ ዘ ሌክ»። በሁለቱም «ኦን» ስሕተት ነው።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሦስቱን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ ስለ እነሱ የማልጠየቅበት ሳምንት የለም።

ምክንያት። «ሪዝን» እና «ኮዝ» ሁለቱም በአማርኛ ምክንያት ተብለው ስለሚተረጎሙ መስተዋድዳቸው ይምታታል። እኔ የማስተምረው መንስኤና ምክንያት በሚሉት በራሳችን ቃላት ነው። መንስኤ ማለት ከቻላችሁ «ኮዝ ኦፍ» ነው፤ የአደጋው መንስኤ «ዘ ኮዝ ኦፍ ዘ አክሲደንት»። አንድ ሰው ለምን እንዳደረገ ወይም ነገሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ የምታስረዱ ከሆነ ደግሞ «ሪዝን ፎር» ነው፤ የመዘግየታችን ምክንያት «ዘ ሪዝን ፎር አዋር ዲሌይ»። «ለምን» ውስጥ ያለችው «ለ» «ፎር»ን ታስታውሳችኋለች።

ጭማሪ። «ኢንክሪስ» ሁለት መስተዋድድ ይወስዳል፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። የጨመረው ነገር ሲነገር «ኢን» ነው፤ የጭማሪው መጠን ሲነገር «ኦፍ»። «አን ኢንክሪስ ኢን ዘ ፕራይስ ኦፍ ፊሽ» ዋጋው መጨመሩን ይናገራል፤ «አን ኢንክሪስ ኦፍ 50 ብር» ስንት እንደጨመረ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል፦ «አን ኢንክሪስ ኦፍ 50 ብር ኢን ዘ ፕራይስ ኦፍ ፊሽ»። «ራይዝ» እና «ፎል»ም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ፍላጎት። የቆሮሶ ዓሣ ፍላጎት በገበያ ከፍ ብሏል ስትሉ «ዲማንድ ፎር» ነው። ለታሪክ ፍላጎት አለኝ ስትሉ «ኢንተረስት ኢን» ነው፤ «ለ» እያታለለቻችሁ «ኢንተረስት ፎር» እንዳትሉ። የንጹሕ ውኃ እጥረት ኖሮ ያስፈልጋል ለማለት ደግሞ «ኒድ ፎር» ነው።

ደረጃ 3. ግሡ ወደ ስም ሲለወጥ መስተዋድድ ጨምሩ

«ገዳሙን ጎበኘን» ስንል «ን» ግሡንና ገዳሙን በቀጥታ ታገናኛለች፤ መስተዋድድ የለም። እንግሊዝኛም ያው ነው፦ «ዊ ቪዚትድ ዘ ሞናስተሪ»። «ቪዚት» ስም ሲሆን ግን ያንን ኃይሉን ያጣል። ቀጥሎት የሚመጣውን ስም ለመያዝ የግድ መስተዋድድ ይፈልጋል፦ «አዋር ቪዚት ቱ ዘ ሞናስተሪ»።

ይህ ለብዙ ቃላት ስለሚሠራ ደብተራችሁ ላይ ግሡን በግራ፣ ስሙን በቀኝ ጻፉ። «አፌክት ዘ ሌክ» በግራ፣ «ኢፌክት ኦን ዘ ሌክ» በቀኝ። «ሪክዌስት ኧ ሩም»፣ «ኧ ሪክዌስት ፎር ኧ ሩም»። «ላክ መኒ»፣ «ላክ ኦፍ መኒ»። «ዳሜጅ ዘ ቦት»፣ «ዳሜጅ ቱ ዘ ቦት»። «ዲስከስ ዘ ፕራይስ»፣ «ኧ ዲስከሽን አባውት ዘ ፕራይስ»። መስተዋድዶቹን ብቻ በቀይ ጻፏቸው። በግራው ዓምድ አንድም ቀይ ካለ ቃሉን ተመልሳችሁ ፈትሹ።

በግራ በኩል ቀይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በ«ዲስከስ» ነው። «ስለ ዋጋው ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ይመጣል። «አባውት» ለስሙ እንጂ ለግሡ አይገባም።

ቅጽል ስም ሲሆንም መስተዋድዱ ሊለወጥ ይችላል። «ፕራውድ ኦፍ አዋር ሲቲ» ትክክል ነው፤ «ፕራይድ ኦፍ» ብላችሁ ስትቀጥሉ ግን ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። በከተማችን ያለን ኩራት «አዋር ፕራይድ ኢን አዋር ሲቲ» ነው።

ደረጃ 4. ተከትሎ የሚመጣው ስም ነው ወይስ ግሥ ያለው ዓረፍተ ነገር?

አማርኛ አንዷን «ስለ» ለሁለቱም ያስራታል፦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘነበ። ለጆሯችን ልዩነታቸው አይሰማንም። እንግሊዝኛ ግን ለስም አንድ ቃል፣ ለዓረፍተ ነገር ሌላ ቃል አለው። «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን»፤ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»። «ቢኮዝ ኦፍ ኢት ሬይንድ» የሚባለው ስሕተት የሚወለደው ከዚች «ስለ» ነው።

አንድ አስጎብኚ ተማሪዬ ለእንግዶቹ ሊልከው ያለውን መልእክት አሳየኝ። «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ፣ ዊ ዊል ሊቭ ሌተር» ይላል። «ኢዝ ስትሮንግ» የሚለውን በአውራ ጣቱ እንዲሸፍነው ነገርኩት። የቀረውን አነበበ፦ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዊንድ፣ ዊ ዊል ሊቭ ሌተር»። ትክክል ነው። ጣቱን አንሥቶ አሁን «ኦፍ»ን ብቻ እንዲሸፍን ነገርኩት፦ «ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ፣ ዊ ዊል ሊቭ ሌተር»። ይህም ትክክል ነው። ስልኩን እያየ ትንሽ ዝም አለና «እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የጻፍኩት» አለ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን የአውራ ጣት ፈተና በየዓረፍተ ነገራችሁ ሥሩበት።

ጥንዶቹን እንዲህ ያዟቸው።

- ስም ከተከተለ «ቢኮዝ ኦፍ»፤ ዓረፍተ ነገር ከተከተለ «ቢኮዝ»።
- ስም ከተከተለ «ዲስፓይት»፤ ዓረፍተ ነገር ከተከተለ «ኦልዞው»። «ዲስፓይት ዘ ዊንድ»፣ «ኦልዞው ዘ ዊንድ ዎዝ ስትሮንግ»።
- ስም ከተከተለ «ዱሪንግ»፤ ዓረፍተ ነገር ከተከተለ «ዋይል»። «ዱሪንግ ዘ ስቶርም»፣ «ዋይል ዊ ዌር ክሮሲንግ ዘ ሌክ»።

«አፍተር»፣ «ቢፎር»፣ «አንቲል» እና «ሲንስ» ግን እንደ እኛ «ከ» እና «እስከ» ለሁለቱም ያገለግላሉ። ከምሳ በኋላ «አፍተር ላንች»፤ ከበላን በኋላ «አፍተር ዊ ኤት»። እነዚህን በነፃነት ተጠቀሙባቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ «እስከ» ቦታን ሲያመለክት «አንቲል» አይሆንም። «አንቲል» ለጊዜ ብቻ ነው። በጀልባ እስከ ዘጌ ሄድን ለማለት «ዊ ዌንት አዝ ፋር አዝ ዘጌ ባይ ቦት» በሉ።

ደረጃ 5. መስተዋድድና «ዛት» እንዳይነካኩ መካከላቸው ስም አስገቡ

«ዲስፓይት ዛት ዘ ሌክ ዎዝ ካልም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣልኛል። «ዲስፓይት» መስተዋድድ ነው፤ መስተዋድድ ደግሞ በ«ዛት» የሚጀምር ዓረፍተ ነገርን በቀጥታ አይሸከምም። ሊሸከመው የሚችል ስም መካከል ላይ ያስፈልጋል። ያ ስም ብዙውን ጊዜ «ፋክት» ነው፦ «ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት ዘ ሌክ ዎዝ ካልም»። «ዲስፓይት» ስሙን ያዘ፣ ስሙ ደግሞ «ዛት»ን ያዘ። እንደ ድልድይ ማለት ነው።

መስተዋድድ የሚቀበላቸው ስምን፣ «ኢንግ» የተጨመረበትን ግሥ፣ እንዲሁም በ«ዋት»፣ በ«ሃው» ወይም በ«ዌዘር» የሚጀምር ዓረፍተ ነገርን ነው። «ቢኮዝ ኦፍ ዋት ዘ ካፕቴን ሴድ» ትክክል ነው። «ዘ ክዌስሽን ኦፍ ዌዘር ዊ ሹድ ጎ» ትክክል ነው። «ዘ ክዌስሽን ኦፍ ኢፍ» ግን ስሕተት ነው፤ ከመስተዋድድ ቀጥሎ «ኢፍ» ቦታ የለውም፤ «ዌዘር» ብቻ። ከደንቡ የሚያፈነግጡ ጥቂት ናቸው፤ «ኢን ዛት» እና «ኤክሴፕት ዛት» ይባላል። ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ያዟቸው።

ሌሎች የድልድይ ስሞችም አሉ፤ ውል ወይም ደብዳቤ ለምትጽፉ ይጠቅማሉ። «ኦን ኮንዲሽን ዛት» እንዲህ ከሆነ ብቻ ለማለት ነው፤ «ኢን ዘ ሆፕ ዛት» በሚል ተስፋ፣ «ኦን ዘ ግራውንድስ ዛት» በሚል ምክንያት፣ «ዊዝ ዘ ሪዘልት ዛት» በዚህም የተነሳ። ቃላቱ ሳይነጣጠሉ እንዳሉ ይጠናሉ።

ድልድዩን ካወቃችሁ በኋላ ግን በየቦታው አትገንቡት። «ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት» በምትሉበት ቦታ «ኦልዞው» ይበቃል፤ ለእንግዳ በምትልኩት አጭር መልእክት ውስጥ እኔ ሁልጊዜ «ኦልዞው»ን እመርጣለሁ።

ደረጃ 6. ሁለቱን «ዛት» በ«ዊች» ለዩአቸው

ከስም ቀጥሎ የሚመጣ «ዛት» ሁለት ዓይነት ነው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ለእንግዶች ማስረዳት ያለባችሁ አስጎብኚዎች ሁለቱንም ትጠቀማላችሁ።

«ዘ ሩል ዛት ዊመን ሜይ ኖት ኢንተር» ስትሉ ከ«ዛት» በኋላ ያለው የደንቡ ይዘት ነው፤ ደንቡ ራሱ ምን እንደሚል ይነግራል። «ዘ ሩል ዛት ዘ ሞንክስ ፎሎው» ስትሉ ግን የትኛው ደንብ እንደሆነ ትለያላችሁ፤ መነኮሳቱ የሚከተሉት ደንብ። አማርኛም ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያው «እንዳይገቡ የሚለው ደንብ»፣ ሁለተኛው «የሚከተሉት ደንብ» ነው።

«ዛት»ን በ«ዊች» ተኩት። «ዘ ሩል ዊች ዘ ሞንክስ ፎሎው» ይሄዳል። «ዘ ሩል ዊች ዊመን ሜይ ኖት ኢንተር» ግን አይሄድም። ፈተናው የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይዘትን በሚነግረው ላይ «ዊች» እንዳትጽፉ። ሁለተኛ፣ «ዛት»ን መጣል የምትችሉት የትኛው ላይ እንደሆነ እንድታውቁ፦ «ዘ ሩል ዘ ሞንክስ ፎሎው» ማለት ይቻላል፤ ይዘት የሚነግረውን «ዛት» ግን በጽሑፍ አትጣሉት። ይህን «ዛት» የሚወስዱት ስሞች በአብዛኛው ሐሳብን ወይም ወሬን የሚገልጹ ናቸው፦ ፋክት፣ አይዲያ፣ ኒውስ፣ ሆፕ፣ ቢሊፍ፣ ክሌም፣ ኤቪደንስ፣ ፖሲቢሊቲ።

ደረጃ 7. «ቱ» እና ግሥ ነው ወይስ «ኦፍ» እና «ኢንግ»?

«የመሄድ ውሳኔ» እና «የመዘግየት ልማድ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ዲሲዥን ቱ ጎ» እና «ዘ ሃቢት ኦፍ ካሚንግ ሌት» ናቸው። አሁንም መራጩ ስሙ ነው።

«ቱ» እና ግሥ የሚወስዱ፦ ዲሲዥን፣ ፕላን፣ አተምፕት፣ አቢሊቲ፣ ፐርሚሽን፣ ኦፖርቹኒቲ፣ ፕሮሚስ፣ ሪፊውዛል። የሚበዙት ከሰው ፈቃድ ወይም አቅም ጋር የተያያዙ ናቸው። «ኦፍ» እና «ኢንግ» የሚወስዱ፦ ፖሲቢሊቲ፣ ሪስክ፣ ዴንጀር፣ ሃቢት፣ ኮስት። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት «ፖሲቢሊቲ ቱ» ነው፤ «ፖሲቢሊቲ ኦፍ» በሉና «ኢንግ» አስከትሉ።

«ቻንስ» ሁለቱንም ይወስዳል፤ ትርጉሙ ግን ይለወጣል። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ቦታ እንግዳ ስትወስዱ «ዩ ዊል ሃቭ ኧ ቻንስ ቱ ሲ ኧ ሂፖ» ካላችሁ ጉማሬ የማየት አጋጣሚ ሰጥታችሁታል። «ዘ ቻንስ ኦፍ ሲይንግ ኧ ሂፖ ኢዝ ስሞል» ካላችሁ ግን የመታየቱ ነገር ጠባብ መሆኑን ነግራችሁታል። ሁለተኛውን ማለት ፈልጋችሁ የመጀመሪያውን ከተናገራችሁ እንግዳው ጉማሬ ሳያይ ሲመለስ ቅር ይለዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም «ቱ» አንድ አይደለም። በደረጃ 2 ያየነው «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ ግሥ ሲከተለው ብዙውን ጊዜ «ኢንግ» ይፈልጋል፦ «ዘ ኪ ቱ ለርኒንግ ኢንግሊሽ»። ለመለየት ከ«ቱ» ቀጥሎ ተራ ስም አስገቡ። «ዘ ኪ ቱ ሳክሰስ» ይሄዳል፤ እንግዲያው መስተዋድድ ነው። «ዘ ዲሲዥን ቱ ሳክሰስ» አይሄድም፤ እንግዲያው ተራ ግሥ ይከተለዋል።

ደረጃ 8. ራሱ ስሙ አያያዥ የሚሆንባቸውን ለይታችሁ ያዙ

«ዘ ሞመንት»፣ «ዘ ዴይ»፣ «ኤቭሪ ታይም» እና «ባይ ዘ ታይም» ስም ቢመስሉም ዓረፍተ ነገርን በቀጥታ ይይዛሉ። «ዘ ሞመንት ዘ ቦት አራይቭድ» ማለት ጀልባው እንደደረሰ ነው። «ዌን» አትጨምሩበት፤ የእሱን ሥራ ስሙ ሠርቶታል።

በሁለት መስተዋድድ መካከል ታስረው የቀሩ ስሞችም አሉ፤ እዚህ «ዘ» መኖሯና አለመኖሯ ትርጉም ይለውጣል። «ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ቦት» ከጀልባው ውጭ፣ ፊት ለፊቱ ማለት ነው። በጀልባው ፊተኛ ክፍል ለማለት «አት ዘ ፍሮንት ኦፍ ዘ ቦት» ነው። እንግዳን ወዴት እንደሚቀመጥ ስትነግሩ ሁለተኛውን ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ውኃው ላይ ነው። እንደዚሁ «ኢን ኬስ ኦፍ ፋየር» እሳት ቢነሳ ማለት ሲሆን፣ «ኢን ዘ ኬስ ኦፍ» ደግሞ በእገሌ ጉዳይ ወይም እገሌን በተመለከተ ማለት ነው። በሆቴል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ነው።

ደረጃ 9. ስሙን ከነጓዙ መዝግቡ፣ ከዚያም ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ

«ዲማንድ — ፍላጎት» ብላችሁ አትመዝግቡ። «ዲማንድ ፎር ፊሽ» ብላችሁ መዝግቡ። ብቻውን የተጠና ስም በመናገሪያው ሰዓት መስተዋድዱን ፍለጋ ያቆማችኋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አፋችን ላይ የምትመጣው ያችው የለመድናት «ኦፍ» ናት። ምሳሌውን ከሥራችሁ ውሰዱ። ዓሣ የሚሸጥ ሰው ስለ ዓሣ፣ እንግዳ ተቀባይ ስለ ክፍል ይጻፍ፤ በማግሥቱ የሚናገረውን ስለሆነ አይረሳውም። በቀን አምስት ስም ይበቃል። በሦስተኛው ቀን ቀዩን መስተዋድድ በወረቀት ቁራጭ ሸፍናችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የሳታችሁትን ብቻ በአዲስ ገጽ ድገሙት።

መላ ሥራውን በአንድ ጽሑፍ ላይ

የሚከተለው ከተማሪዎቼ አንዷ ስለ ዘጌ ጉዞ የጻፈችው ነው፤ በፈቃዷ ነው ያቀረብኩት። መጀመሪያ ራሳችሁ አርሙት፣ ከዚያ ከእኔ እርማት ጋር አስተያዩት።

«ላስት ሳተርዴይ ዊ ሜድ ኧ ቪዚት ኦፍ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ዘ ቦት ዎዝ ሌት ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዊንድ ዎዝ ስትሮንግ። ዘ ቱሪስትስ ሃድ ግሬት ኢንተረስት ፎር ዘ ፔይንቲንግስ። ዲስፓይት ዘይ ዌር ታይርድ፣ ዘይ አስክድ ሜኒ ክዌስሽንስ። ዘ ጋይድ ኤክስፕሌይንድ ዘ ሪዝን ኦፍ ዘ ኢንክሪስ ኦፍ ኮፊ ፕራይስስ። ዱሪንግ ዊ ዌር ኢቲንግ፣ ኢት ሬይንድ፣ ኤንድ ዜር ዎዝ ኖ ፖሲቢሊቲ ቱ ሪተርን ቢፎር ኢቭኒንግ።»

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ቪዚት» ስም ስለሆነ «ኧ ቪዚት ቱ» ይሆናል፤ ወይም «ዊ ቪዚትድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ብትል ይበልጥ ያምራል። በሁለተኛው አውራ ጣታችሁን «ኦፍ» ላይ አድርጉ፤ «ቢኮዝ ዘ ዊንድ ዎዝ ስትሮንግ»። በሦስተኛው «ኢንተረስት ኢን»። በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ስለሚከተል «ኦልዞው ዘይ ዌር ታይርድ»። በአምስተኛው ሁለት ስሕተት አለ፤ «ዘ ሪዝን ፎር ዘ ኢንክሪስ ኢን ኮፊ ፕራይስስ» ይሆናል። በስድስተኛው «ዋይል ዊ ዌር ኢቲንግ» እና «ኖ ፖሲቢሊቲ ኦፍ ሪተርኒንግ»። «ቢፎር ኢቭኒንግ» ትክክል ስለሆነ አትንኩት፤ ብዙ ተማሪ ማረም ከጀመረ በኋላ ደህናውንም ያበላሻል።

በፈተናና በመደበኛ ጽሑፍ ላይ ነጥብ የሚያሳጡ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» አትጻፉ፤ ምክንያት ሁለት ጊዜ ስለሚነገር «ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት» በሉ። «ኦልዞው» ብላችሁ የጀመራችሁትንም በመሐል «በት» አታስገቡበት። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢደክማቸውም ግን» ማለት ስለለመድን ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚቆመው።